ስለ ሽማግሌ ጕልበትና ስለ ሰው ትከሻ

ሰው በወጣትነቱ ያደርገው የነበረውን ነገር በሽምግልናው ሊያደርገው ሲነሣ፥ ጎረቤት ከሁለት አንዱን ይለዋል። ወይ «እንዴት ያለ ብርቱ ነው» ብሎ ያደንቀዋል፤ ወይ «ዕድሜውን የማያውቅ» ብሎ ይስቅበታል። ሁለቱም ፍርድ ስለ ሽማግሌው ብቻ የተነገረ ነው። እኔ ላነሣው የምፈልገው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ጕልበቱ መንገድ ላይ ሲከዳው ሽማግሌውን የሚሸከመው ማን ነው? ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህ ጥያቄ ከእኔ ይልቅ አንተን ይመለከታል፤ ትከሻው ያንተ ነውና።

ነገሩን ከራሴ ልጀምር። በመራዊ ከተማ በመምህርነት ስኖር፥ ጥር በመጣ ቍጥር ከሁለት ባልንጀሮቼ ጋር በእግር ወደ ግሽ ዐባይ መሄድ ልማዳችን ነበር። በሶና ዳቦ ቆሎ፥ አንድ አንድ ጋቢና የውሃ ኮዳ በጀርባችን አዝለን፥ በወተት ዐባይ በኩል ወደ ሰከላ ደጋ እንወጣለን፤ በሁለት ቀንም እንደርሳለን። ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ በ1770 እ.ኤ.አ. ከዚያ ምንጭ በደረሰ ጊዜ ከባሕር ማዶ ሰዎች የመጀመሪያው ነኝ ብሎ ነበር፤ ነገር ግን ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ቄስ በ1618 እ.ኤ.አ. ቀድሞታል። የሰከላ እረኛማ ሁለቱም ሳይወለዱ ከብቱን ያጠጣበት ነበር። እኛም ስንደርስ አንዳች ነገር ያገኘን ያህል ደስ ይለን ነበርና በብሩስ ለመሳቅ መብት የለኝም።

45 ዓመት ሲሆነኝ ልማዱ ቀረ። አንደኛው ባልንጀራዬ ሞተ፤ ሁለተኛው ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ እኔም ከጥቍር ሰሌዳው ፊት ተነሥቼ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀመጥሁ። በ60 ዓመቴ በጡረታ ከተሰናበትሁ በኋላ፥ በጥር 2009 ዓ.ም. የድሮው መንገድ ትዝ ብሎኝ ስንቄን አዝዬ ተነሣሁ። እግሬ መንገዱን ያውቀዋል ብዬ ነበር። እግሬ መንገዱን ያውቀው ነበር፤ መንገዱ ግን እግሬን ረስቶታል። በሁለተኛው ቀን አንድ ቁልቁለት ስወርድ ጕልበቴ ከዳኝ፤ ከወደቅሁበትም መነሣት አቃተኝ።

በአቅራቢያው ዐውድማ ላይ አራት ጐረምሶች ዳጉሳ ይወቁ ነበር። ሥራቸውን ጥለው መጡ። ሁለት የባሕር ዛፍ አጠና ቆርጠው፥ በራሴ ጋቢ ቃሬዛ ሠርተው፥ መኪና እስከሚገኝበት መንገድ ድረስ ተሸከሙኝ። ፀሐይ መሐል ሰማይ ላይ ነበረች። የአንደኛው ላብ ፊቴ ላይ ሲንጠባጠብ አስታውሳለሁ። ገንዘብ ላወጣ ብል «ኧረ ተው ጋሼ፥ ምን ሆነህ ነው!» ብለው ተቈጡኝ። ከእግሬ ሕመም ይልቅ ይህ ቍጣቸው ነው ለብዙ ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ፤ ዋጋ ቢቀበሉኝ ኖሮ ከፍዬ እረሳው ነበር። ለበሽተኛና ለወላድ የተዘጋጀውን ትከሻ እኔ ለትዝታዬ አወጣሁት።

ጎረቤቴ ይህን ሰምቶ «እንግዲያስ አርፈህ ቤትህ ተቀመጥ፤ ማንንም አታስቸግርም» አለኝ። ምክሩ ትሕትና ይመስላል፤ ባስበው ግን እውነት ሆኖ አላገኘሁትም። ቤቱ የተቀመጠም ሽማግሌ ሸክም ይሆናል፤ ልዩነቱ በቀስታ መሆኑ ብቻ ነው። ዛሬ ዳገቱን ይተዋል፤ ነገ ገበያውን፤ ከነገ ወዲያ ደጁን፤ በመጨረሻም ከመደብ ለመነሣት ልጁን ይጠራል።

በ1966 እ.ኤ.አ. ዳላስ በምትባል የአሜሪካ ከተማ፥ 20 ዓመት ያህል የሆናቸው አምስት ወጣቶች ለሦስት ሳምንት በአልጋ ላይ እንዲቈዩ ተደረገ። ከ30 ዓመት በኋላ፥ 50 ዓመት ሲሆናቸው፥ እነዚያኑ ሰዎች ደግመው መረመሯቸው። ሰውነታቸው በብርቱ ሥራ ጊዜ አየር የሚጠቀምበት ችሎታ ሲለካ፥ ሦስቱ የአልጋ ሳምንታት ያጐደሉት 30ው ዓመት ካጐደለው በልጦ ተገኘ። ቀጥሎም ስድስት ወር ቀስ በቀስ ቢለማመዱ በ20 ዓመታቸው ከመተኛታቸው በፊት ወደ ነበሩበት ደረጃ ተመለሱ። በወጣትነታቸው ሠልጥነው የደረሱበት ከፍታ ላይ ግን አንዳቸውም አልደረሱም። ቦስተን ላይ ደግሞ በ1990 እ.ኤ.አ. 90 ዓመት ገደማ የሆናቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ለስምንት ሳምንት ክብደት በእግራቸው ቢያነሡ፥ የእግራቸው ጕልበት በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። እንግዲህ በዕድሜ ከምናሳብበው ብዙው የስንፍና ነው ማለት ነው፤ ሁሉም አይደለም እንጂ።

ስለዚህ ልምምድ ጀመርሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ በቆጋ ግድብ አጠገብ ግማሽ ሰዓት ሄጄ ተመለስሁ፤ ያም ደከመኝ። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየጨመርሁ፥ በመካከሉም ሙሉ ቀን እያረፍሁ ሄድሁ። ከዱካ ላይ እጄን ሳልደገፍ መነሣትን እንደ ሕፃን እንደገና ተማርሁ። ያልጠበቅሁት ነገር ቢኖር ዳገቱ ሳንባን፥ ቁልቁለቱ ግን ጕልበትን መፈተኑ ነው፤ ስለዚህ ቁልቁለቱን በምርኩዝና በአጭር እርምጃ መውረድ ለመድሁ። ሥጋ ቶሎ ይበረታል፤ ጅማት ግን ይዘገያል፤ ሦስት ወር ሳይሞላኝ በርትቻለሁ ብዬ ስሮጥበት ሁለት ሳምንት አስተኛኝ።

ቀጥሎ ሸክም መልመድ ነበረብኝና ሦስት ኪሎ ጤፍ በከረጢት አዝዬ መዞር ጀመርሁ። ባለቤቴ አንድ ቀን አይታኝ «ጤፉን መሸከምህ ካልቀረ ለምን ወፍጮ ቤት አታደርሰውም?» አለችኝ። ሳቅሁ፤ ኋላ ግን አፈርሁ። እርሷ ከልጅነቷ ጀምራ ውሃም እህልም ተሸክማለች፤ ማንም ብርቱ ናት ብሎ አላደነቃትም፤ ልምምድም አላስፈለጋትም። ጕልበትን መልሶ መፈለግ ጕልበቱን ለማስቀመጥ ጊዜ የነበረው ሰው ነገር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤታችንን እህል ወደ ወፍጮ ቤት የማደርሰው እኔ ሆንሁ፤ በኋላም የጎረቤታችንን የአንዲት መበለት እህል ጨመርሁ። ይህን የማነሣው ለመመስገን አይደለም ብል ግን እዋሻለሁ፤ ሰው ሲያየኝ ቀጥ ብዬ እሄድ ነበር።

ከንቱ ውዳሴ ከሽማግሌ ልብ በቀላሉ አይወጣም። በዚህ ነገር ማሞ ወልዴን አስባለሁ። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ማራቶንን ሲያሸንፍ ዕድሜው 36 ነበር። በ1964 ዓ.ም. በ40 ዓመቱ ሙኒክ ላይ እንደገና ተወዳደረ፤ ሦስተኛም ሆነ። አሸናፊ የነበረ ሰው በሦስተኝነት ሊታይ ፈቅዶ መሮጡ፥ ለእኔ ከፊተኛው ድል የማያንስ ነገር አለው። ብዙዎቻችን የቀድሞውን ያህል ካልሆንን ጨርሶ እንተወዋለን፤ ይህንንም ትሕትና ብለን እንጠራዋለን።

በጥር 2011 ዓ.ም. 64 ዓመት ሆኖኝ ሁለተኛ ተነሣሁ። ያን ጊዜ መንገዱ ለመንገደኛ ክፍት ነበር። አስቀድሜ ለራሴ ሦስት ሕግ አወጣሁ፤ የሁለቱን ቀን መንገድ በሦስት ቀን ልሄድ፥ ከሰባት ኪሎ በላይ ላልሸከም፥ ጕልበቴ ባበጠ ጊዜም ምንጩ ቢታየኝ እንኳ ልመለስ። የመጨረሻው ሕግ ከሁሉ የከበደኝ ነበር። የጎረቤቴ ልጅ አብሮኝ ሄደ፤ አባቱ እንዲጠብቀኝ እንደ ላከው ዐውቄ ያላወቅሁ መሰልሁ።

በሦስተኛው ቀን በሰከላ ዳገት ላይ «ጋሼ፥ ስንቁን አምጣው» አለኝ። እንቢ አልሁ። ጥቂት ሄደን ደግሞ ጠየቀኝ፤ አሁንም እንቢ አልሁ። ከዚያ በኋላ ቀና ብዬ ሳየው ልጁ በእኔ እርምጃ ልክ ለመሄድ እየታገለ፥ በየዐሥር እርምጃው እየቆመ ነበር። እኔ ሸክሜን ለማንም አልሰጥም ስል፥ እርሱ ዝግታዬን ተሸክሞ ኖሯል። ያን ጊዜ ቍጭ ብዬ አሰብሁ፤ አራቱ ጐረምሶች ሲሸከሙኝ እኔ አልተዘጋጀሁም ነበር፤ ዛሬ ግን ተዘጋጅቻለሁ። ከተዘጋጁ በኋላ የሚቀበሉት እርዳታና ሳይዘጋጁ የሚጥሉት ሸክም አንድ ነውን? አይመስለኝም። ከረጢቱን ፈትቼ በሶውንና ውሃውን ሰጠሁት፤ ጋቢውንና ሌላውን ለራሴ አስቀረሁ። ምንጩ ዘንድ የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው።

በመልሱ ቀን ልጁ ያነክስ ጀመር። ለመንገዱ ብሎ የገዛው አዲስ ጫማ ተረከዙን ልጦታል፤ ሊነግረኝ ግን አልወደደም። በሶውን መልስልኝ አልሁት። ጥቂት አመነታና ውሃውን ሰጠኝ፤ በሶውን ግን አልለቅም አለ።