ነቅሎ መትከል

ቤት ሲለቀቅ፣ ዕቃው ሁሉ ተጭኖ ካለቀ በኋላ፣ ግቢው ውስጥ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ እናት ወይም አያት የተከሏት ጽጌረዳስ? አሮጌዋን ከነሥሯ ቆፍሮ ማውጣት ይቻላል። አለዚያም እንደ እርሳስ የወፈረ ዘንግ አንድ ስንዝር ያህል ቆርጦ መሄድ ይቻላል። በሁለቱም መንገድ «ጽጌረዳዋን ይዘናት ወጣን» እንላለን። ይዘን የምንወጣው ግን አንድ ዓይነት ነገር አይመስለኝም።

አሮጌዋን የምናነሣ ከሆነ ሥራው የሚጀምረው በመግረዝ ነው። የቱንም ያህል ዙሪያዋን አርቀን ብንቆፍር፣ ውሃ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች አብዛኞቹ ተበጥሰው እዚያው ይቀራሉ። የተረፈው ሥር ያንን ሁሉ ቅጠል ማጠጣት ስለማይችል ቅርንጫፎቿን በጣም ማሳጠር፣ አበባዋንም እንቡጧንም ማንሣት ግድ ይሆናል። እዚህ ላይ የማያመነታ እጅ ያለ አይመስለኝም። የወደድናት በአበባዋ ነው፤ እንድትኖርልን ስንል ግን አስቀድመን የምንነፍጋት ያንኑ አበባ ነው። ከዚያ ሰኔ ሲገባ፣ ፀሐይ በሚያገኝና ውሃ በማይተኛበት ቦታ፣ ሥሯ ሳይታጠፍ የሚዘረጋበት ጉድጓድ ቆፍረን፣ አፈሩን ከበሰለ ፍግ ጋር ቀላቅለን እንተክላታለን። በሚቀጥሉት ሳምንታት የምናየው ደረቅ እንጨት ብቻ ሊሆን ይችላል። ቅርፊቷን በጥፍር ጫፍ ፋቅ ሲያደርጉት ውስጡ እርጥብ አረንጓዴ ከሆነ፣ ገና በሕይወት አለች።

ታዲያ የአንዲት ተክል ማንነት ያለው የቱ ጋ ነው? ሥሯ ጋ ነው ለማለት እንቸኩል ይሆናል። በጀርመን፣ በሂልደስሃይም ካቴድራል ግድግዳ ላይ የምትወጣው ጥንታዊት ጽጌረዳ በ1945 እ.ኤ.አ. ከተማዋ በቦምብ ስትደበደብ ከላይ ተቃጥላ፣ ፍርስራሽ ከተጫነው ሥሯ እንደገና አቆጥቁጣለች። ነገር ግን ከችግኝ ጣቢያ የምንገዛት ጽጌረዳ ብዙ ጊዜ በሌላ ጠንካራ ዓይነት ሥር ላይ የተዳቀለች ናት፤ እርሷ ከላይ ብትሞት፣ ከሥሩ የሚበቅለው እኛ የማናውቀው አበባ ነው። ቁራጯ ደግሞ፣ ያለ አሮጌው ሥርም ቢሆን፣ የእናቷን ቀለምና ሽታ እንዳለ ይዛ ትወጣለች፤ ይህ በዘር ከበቀለች ጽጌረዳ የሚጠበቅ አይደለም። ቁራጯ የማትይዘው ዕድሜን ነው፤ የወፈረውን ግንድ፣ የተከሏትን እጆች የመግረዝ ጠባሳ።

ስለዚህ ግቢው ለሌላ ነዋሪ የሚተላለፍ ከሆነ፣ አሮጌዋን በቦታዋ ትቶ፣ ሁሉም ሥር ላይሰዱ ስለሚችሉ ከአንድ በላይ ቁራጭ ይዞ መሄድ የሚሻል ይመስለኛል። ቤቱ የሚፈርስ ከሆነ ግን ይህን አልልም። ያኔ፣ የመጽደቅ ተስፋዋ ትንሽ ቢሆን እንኳ፣ ብቆፍራት እመርጣለሁ።