ድምፅን በፈቃድ ማሳጠር

ጊታር ሠሪው ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝ የተባለውን የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ከካሊፎርኒያ ፋብሪካው ሲያወጣ፣ ክሮቹ የሚያርፉበት ብሪጅ የብረት ክዳን ይደፋበት ነበር፤ ከክዳኑ ሥር ደግሞ ክሮቹን የሚነካ ለስላሳ ማፈኛ ተለጥፎ ይመጣ ነበር። ሌላው ጊታር ሠሪ ሪከንባከር በብሎን ከፍና ዝቅ የሚል ስፖንጅ በቤዞቹ ላይ ገጠመ። ሙዚክ ማን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ያቀረበው ስቲንግሬይ ቤዝም ለእያንዳንዱ ክር የየራሱ ማፈኛ ነበረው። ማለትም የቤዝን ድምፅ በኤሌክትሪክ ያጎሉት ሰዎች፣ ያንኑ ድምፅ የሚያሳጥሩበትን መሣሪያ አብረው ሠርተዋል። ውሎ አድሮ ግን ብዙ ተጫዋች ክዳኑን እየፈታ አስቀመጠው፤ ብሩህና ረጅም ድምፅ ተወደደ፤ ፋብሪካዎቹም አብዛኞቹ ማፈኛውን ተዉት። ዛሬ ከዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቁራጭ ወስዶ ከክሮቹ ሥር የሚሸጉጥ ቤዝ ተጫዋች ሲታይ፣ አንዱ «ጥሩ አደረገ» ይላል፣ ሌላው «መሣሪያውን አፈነው፣ ራሱንም አሰነፈ» ይላል። ክርክሩ የሙያ ይምሰል እንጂ ከሥሩ ሁለት የቆዩ ጥያቄዎች አሉበት፤ አንድ ነገር የተሰጠውን አቅም ሁሉ ማውጣት አለበት ወይ? ከውጭ በመጣ እርዳታ የተገኘ ልክስ ራስን መግዛት ሊባል ይችላል? እኔ ለመጀመሪያው «የለበትም»፣ ለሁለተኛው «ይችላል» የምል ነኝ፤ ምክንያቴን ላስረዳ።

መጀመሪያ ስፖንጁ የሚሠራውን ከቅርብ እንየው። የጣት ውፍረት ያለው ቁራጭ ከብሪጁ ጥግ፣ ከአራቱ ክሮች ሥር ይገባል፤ ክሩን ይነካዋል እንጂ ወደ ላይ አይገፋውም። ከዚያ ወፍራሙ ክር፣ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል የሚርገበገበው፣ ሲመታ ድምፁ ድም ብሎ ይነሳል፤ የትኛው ኖታ እንደሆነ በደንብ ይለያል፤ ብረት ብረት የሚለው ጩኸት ግን የለበትም፣ ብዙም ሳይቆይ ይከስማል። ይህ የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ክር በሙሉ ርዝመቱ ሲርገበገብ ብሪጁ አጠገብ ያለው ክፍሉ እምብዛም አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ መሠረታዊው ድምፅ እዚያ ጥግ ላይ ባለ ስፖንጅ ብዙ አይጎዳም። ክሩ በዚያው ቅጽበት ለብዙ እየተከፋፈለ የሚያወጣቸው ቀጫጭን ድምፆች ግን በዚያ ጥግ ከመሠረታዊው ይልቅ ይንቀሳቀሳሉ፣ ቀድመው የሚሞቱትም እነሱ ናቸው። ያንኑ ስፖንጅ ወደ ክሩ መካከል ብንወስደው ነገሩ ይገለበጣል፤ መሠረታዊው ድምፅ ራሱ ይታፈናል። ለክርክሬ ትልቁ ማስረጃ ይህ ነው። ስለ መገደብ ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው መጠኑን ብቻ ነው፤ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት እንላለን። ክሩ ግን ቦታውም ወሳኝ እንደሆነ ያሳየናል። አንድ ዓይነት ገደብ፣ በዚያው ልስላሴ፣ ዳር ላይ ሲያርፍ ትርፉን ወስዶ ዋናውን ያስቀራል፤ መሐል ላይ ሲያርፍ ዋናውን ያጠፋል።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት የዲትሮይቱን ቤዝ ተጫዋች ጄምስ ጄመርሰንን ማንሳት የግድ ነው። የሞታውን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያወጣቸውን እጅግ ብዙ ዘፈኖች በቤዝ የተሸከመው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. የ1962 ፕሪሲዥን ቤዙን ክዳኑ ሳይነሳ፣ ስፖንጁ ከሥሩ እንዳለ ነበር የሚጫወተው፤ ክሮቹ ገጻቸው ለስላሳ የሆነ ወፍራሞች ነበሩ፣ የሚቀይራቸውም ከስንት አንዴ ነበር። የሚመታው በአመልካች ጣቱ ብቻ ነበር። በሎስ አንጀለስ ስቱዲዮዎች ትሠራ የነበረችው ካሮል ኬይም በክሮቹ ላይ ማፈኛ አድርጋ በመግረፊያ ትጫወት ነበር። እንግዲህ ማፈኛ ተጫዋችን የሚያደኸይ ቢሆን ኖሮ የጄመርሰን መስመሮች ድሆች ሊሆኑ ይገባ ነበር። እውነቱ ተቃራኒው ነው፤ በዚያ ዘመን ከተቀረጹት ሁሉ በእንቅስቃሴ የበለጸጉት የእሱ ናቸው። የአንዱ ክር ድምፅ በሌላው ክር ኖታ ላይ ስለማይደረብ፣ ብዙ ኖታ ቢጨምርም ዘፈኑ አይጨናነቅም። እያንዳንዱ ኖታ ሲያልቅ ለድራሙና ለዘፋኙ ቦታ ይለቃል። ቤዝ ደግሞ ከማንም መሣሪያ በላይ ይህ ግዴታ አለበት፤ ዝቅተኛው ድምፅ ሲንዛዛ ከላዩ ያለው ሁሉ ይደፈርሳልና። ጥያቄው ከሙያ ወደ ሥነ ምግባር የሚሻገረው እዚህ ላይ ነው፤ የእኔ ድምፅ የት ማብቃት እንዳለበት የሚወስነው የእኔ አቅም ብቻ ሳይሆን አጠገቤ ያለውም ሰው ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከተፈጥሮ የሚነሳ ነው፤ ክሩ ረጅም ድምፅ ከተሰጠው ማን ሊከለክለው ይችላል? ይህን ዓይነት ሙግት ቀላል አድርጌ አላየውም። በእኛው የጽሑፍ ቅርስ ውስጥ፣ የደራሲው ማንነት እስካሁን ቢያከራክርም፣ ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ ምንኩስናን ከጋብቻ አስበልጦ ማየት የፈጣሪን ሥርዓት የሚቃወም ነው ብሎ ሞግቷል፤ በተወሰነ ቀን መብላት ኃጢአት ነው መባሉንም አልተቀበለም። ሐተታው መከልከል በራሱ ቅዱስ ነው ለሚል ሰው ጠንካራ መልስ ነው፤ ማፈኛ ያደረገ ሁሉ ካላደረገው ይበልጣል የሚል ካለ እኔም ከሐተታው ጋር እቆማለሁ። ነገር ግን የሙዚቃ ክር፣ ሰው ሳይነካው የሚታወቅ «የራሱ ድምፅ» አለው ብሎ መነሳት ከመጀመሪያው የተሳሳተ ነው። በገናን እንመልከት። ከአሥሩ ጅማቶች ሥር፣ ጅማቱ በርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ፣ እንዚራ የሚባለው ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል። ደርዳሪው እንዚራውን በጥቂቱ ገፋ ሳብ እያደረገ ያስተካክለዋል፤ ቦታውን ሲያገኝ ብቻ ያ በዐቢይ ጾም የምናውቀው እዝዝ የሚል ድምፅ ይወጣል። ቆዳው ያለበት ቦታና የቤዙ ስፖንጅ ያለበት ቦታ ተመሳሳይ ነው፤ የሚሠሩት ግን ተቃራኒ ነው፤ አንዱ ድምፁን ያበዛል፣ ሌላው ይቀንሳል። እንዚራ የሌለበትን በገና ድምፁ «ተፈጥሯዊ» ነው ብሎ የሚመርጠው ደርዳሪ እምብዛም የለም። በግርፍ ክራር ደግሞ ቀኝ እጅ ክሮቹን በሙሉ ይመታል፤ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ያፍናሉ፤ ዜማውን የሚሠሩት ያልታፈኑት ናቸው። ስለዚህ ማፈን ለሙዚቃ ባዕድ አይደለም፤ የተሰጠው አቅም ምን ላይ ይዋል የሚለውን የሚወስነው ሰው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። «ማሳጠሩስ መልካም፤ ግን እጅ ይሥራው እንጂ ስፖንጅ ምን ያደርጋል?» ይላል። ምሳሌም አለው፤ የታወር ኦፍ ፓወር ባንድ ቤዝ ተጫዋች ሮኮ ፕረስቲያ በግራ እጁ ጣቶች ክሩን እያፈነ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው «ዋት ኢዝ ሂፕ?» ላይ እንደሚሰማው፣ የተቆራረጠና ጥርት ያለ መስመር ያለ ምንም ስፖንጅ ተጫውቷል። ከሙግቱ በስተጀርባ የቆመው አርስቶትል ነው። እሱ ምኞቱን እየታገለ የሚያሸንፍን ሰው፣ ምኞቱ ራሱ ልክ ከገባለት ሰው ለይቶ ያየዋል፤ ሁለተኛውን ያስበልጣል፤ ወደዚያ የሚደረሰውም በልምምድ ነው። በዚህ መለኪያ ስፖንጅ ያደረገው ተጫዋች ከሁለቱም በታች ይመስላል፤ አልታገለምም፣ አልለመደምም፤ ልኩን ከሱቅ ገዝቶታል። እኔ ግን መለኪያው አንድ ነገር እንደዘለለ አምናለሁ። ራስን በመግዛት ከማንም በላይ የደከሙት መነኮሳት የውጭ እርዳታን አልናቁም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ ጳኩሚስ የማኅበር ገዳም ሲመሠርት፣ መነኩሴው መቼ እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚጸልይ፣ መቼ ዝም እንደሚል በሥርዓት ደነገገለት፤ ያ ሥርዓት ወደ ግእዝ ተተርጉሞ ለእኛም ገዳማት ደርሷል። መነኩሴው በደወል ስለተነሳ ጸሎቱ የደወሉ ነው አንልም፤ ሥርዓቱን ፈቅዶ ገብቶበታልና። ፈቃዱ በየሰዓቱ ከእንቅልፍ ጋር በመሟገት ብቻ አይለካም፤ አንድ ጊዜ መርጦ በመጽናትም ይገለጣል። ስፖንጅ ክሩን እንዲነካው የፈቀደ ተጫዋችም እንዲሁ ነው፤ ከዚያ በኋላ አሳቡ ከእያንዳንዱ ኖታ መጨረሻ ተላቆ ወደ ምቱና ወደ ዘፋኙ ይሄዳል። ራስን መግዛትን ከመገደድ የሚለየው ፈቃድ ነው፤ ስፖንጁ በሌላ ሰው ትእዛዝ ቢገባ ወይም ተጫዋቹ ሊያወጣው የማይችል ቢሆን ኖሮ፣ ስለ ራስን መግዛት ማውራታችን ከንቱ በሆነ ነበር።

ሦስተኛውን ተቃውሞ ግን እቀበለዋለሁ፤ መልስ የለኝምና። ስፖንጅ አያመዛዝንም። የሐዘኑንም የደስታውንም ኖታ በአንድ ልክ ይቆርጣል። እጅ ግን ይለያል፤ አንዱን ቶሎ ያሳርፋል፣ ሌላውን እስከሚቀጥለው ምት ያደርሳል። ቤዝ ተጫዋቹ ጃኮ ፓስቶሪየስ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው አልበሙ ውስጥ ያለው «ፖርትሬት ኦቭ ትሬሲ» ከሞላ ጎደል የተሠራው ስፖንጅ ቀድሞ በሚገድላቸው በእነዚያ ቀጫጭን ድምፆች ነው። በማፈኛ ሊጫወተው የሚነሳ ሰው ምንም አያገኝም። እንግዲህ ማፈኛ ሕግ ሊሆን አይችልም፤ ለሁሉም ዘፈን፣ ለሁሉም ሰው የሚታዘዝ ነገር አይደለም። ዘፈኑ የእያንዳንዱን ኖታ ፍጻሜ አንድ ዓይነት አድርጎ ሲፈልግ ብቻ ቦታ አለው፤ የጭፈራ ሙዚቃ ብዙ ጊዜ ይህን ይፈልጋል፣ በዝግታ የሚሄድ ትዝታ ግን ብዙ ጊዜ አይፈልገውም።

ፍርዴ ይህ ነው። የበሰለ ቤዝ ተጫዋች ማፈኛን ያለ ኀፍረት ይጠቀም፤ እጄ ደከመ ወይም ቴክኒክ ጎደለኝ ማለት አይደለም፣ የድምፁን ፍጻሜ አስቦ ወስኗል። ቦታውን ግን ይጠንቀቅ፤ ከብሪጁ ጥግ አይራቅ፣ ኖታው እስኪጠፋም አያጥብቀው። ጀማሪ ግን ይቆይ። የክሩን ሙሉ ርዝመት ያልሰማ፣ የሚጮኸውን ክር በጣቱ ማሳረፍ ያልተማረ ሰው ስፖንጅ ቢያስገባ የሚተወው ነገር ገና በእጁ የለም። እሱ መጀመሪያ ክሩን እስኪከስም ያድምጥ፤ ሁለቱንም እጆቹን ማፈን ያስተምር፤ ስፖንጁ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።