ትንሽ ትምህርት ቤት ትንሽ ዕድል ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በአንድ ሰንበት ከመርሐ ግብር በኋላ አንድ ወንድማችን ምክር ጠየቀን። «ታናሽ እኅቴ በገጠር 6ኛ ክፍል ትማራለች። ከዚያች ትምህርት ቤት ምን ይገኛል ብዬ ወደ ከተማ ላመጣት አስቤአለሁ። እናታችን ግን አልፈቀደችም። ከሁለታችን ልክ የሆነው ማን ነው?» አለ። ከፊሎቻችን እርሱን፣ ከፊሎቻችን እናቱን ደግፈን እስኪመሽ ተከራከርን። ጥያቄው የአንድ ቤት ብቻ አይደለምና በዚህ ጽሑፍ ላነሣው ወደድሁ።

«ከዚያ ምን ይገኛል?» ማለት አዲስ ነገር አይደለም። ናትናኤልም ስለ ናዝሬት እንዲሁ ተጠራጥሮ ነበር። ፊልጶስ ግን መጥቶ እንዲያይ ጋበዘው እንጂ ክርክር አልገጠመውም። እኛም ከመፍረዳችን በፊት እስኪ ቀርበን እንይ።

የገጠር ትንሽ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ብርታት ልጁ የሚታወቅበት መሆኑ ነው። መምህሩ ልጁን በስሙና በአባቱ ስም፣ ቤቱም በየትኛው ጎጥ እንደሆነ ያውቀዋል። ሁለት ቀን ቢቀር በገበያ ቀን አባቱን አግኝቶ «ልጁን ምን ነካው?» ይላል። ሁለተኛው ብርታት ልጁ የሚፈለግበት መሆኑ ነው። እንደ ደወል የተሰቀለውን ቸርኬ የሚመታ፣ ሰንደቅ ዓላማ የሚሰቅል፣ ችግኝ የሚያጠጣ፣ በሰልፍ ፊት ወጥቶ የሚያነብ ልጅ ያስፈልጋል። ልጆቹ ጥቂት ስለሆኑ ተራው ለሁሉም ይደርሳል። በትልቅ ትምህርት ቤት ይህ ዕድል ብዙ ጊዜ የደፋሮቹ ብቻ ይሆንና ዓይነ አፋሩ ልጅ ድምፁን ሳያሰማ ትምህርቱን ይጨርሳል። ሦስተኛው ብርታት ደግሞ ብዙዎቹን የገጠር ትምህርት ቤቶች ወላጆች እንጨትና ድንጋይ ተሸክመው አብረው የሠሯቸው መሆናቸው ነው። ሰው ጉልበቱን ያፈሰሰበትን ቤት በቀላሉ አይተወውም።

ከቤተ ክርስቲያናችንም ምስክር አለን። ድጓ የሚመሰከረው በጋይንት ቤተልሔም ነው፤ ዝማሬና መዋሥዕት በዙር አምባ፣ ቅዳሴ በዋድላ ሰለልኩላ ነው፤ ዋሸራም በቅኔ የታወቀ ነው። ከእነዚህ መካከል ትልቅ ከተማ የለም። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ በጎጆ እያደረ ይማራል። መምህሩ እያንዳንዱን በተራው ያደምጠዋል፤ ቀድሞ የተማረው ለኋለኛው ያስቀጽላል። ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውል። እነዚህን ቦታዎች ያስከበራቸው ትንሽነታቸው አይደለም። ሊቅ መምህር ወንበር ዘርግቶ ጸንቶ ስለ ተቀመጠባቸው፣ ሲያልፍም ደቀ መዝሙሩ ስለ ተተካ ነው እንጂ።

የወንድማችንም ሥጋት ከንቱ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ1,300 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እንዲህ ያለውን ቁጥር እየሰማን «መምህሩ ልጆቹን በስም ያውቃቸዋል» ብለን ብቻ ብንጽናና ራሳችንን እናታልላለን። ፍቅር ያለ መጽሐፍ፣ ብርታትም ያለ መምህር አይበቃም።

በክርክራችን መካከል ግን አንዲት እኅት «ልጅቱን ጠይቃችኋታል?» አለች። ሁላችንም ዝም አልን። በሚቀጥለው ሰንበት ወንድማችን መልሷን ይዞ መጣ። «ትምህርት ቤቴን አልጠላሁም። የእንግሊዝኛ መምህራችን ከተዛወሩ ወዲህ ግን ክፍለ ጊዜው ባዶ ነው» ብላዋለች። ልጅቱ የጎደለውን በትክክል አወቀች። የጎደለው ትምህርት ቤቱ ሳይሆን በውስጡ የሚጸና ሰው ነው።

እንግዲህ ማን ልክ ነው? እናት ልክ ናት። የ12 ዓመት ልጅ በከተማ ቤት ተከራይታ፣ የሳምንት እንጀራ ከቤቷ ተሸክማ፣ ብትቀር የሚጠይቃት ሳይኖር ስትኖር የምታጣው ብዙ ነው። ወንድሙም ለሷ የተሻለ መመኘቱ ልክ ነው። የሳተው በንቀቱ ነው። እርሱ ራሱ ፊደል የለየው በዚያው ትምህርት ቤት ነውና «ምን ይገኛል?» ማለቱ የበሉበትን ወጪት ሰባሪ መሆን ነው። ለትምህርት መሄድ ኃጢአት አይደለም፤ ንቆ መሄድና ዞሮ አለማየት ግን በደል ነው።

ስለ መክሊት በተነገረው ምሳሌ አንድ መክሊት የተቀበለው ባሪያ የተወቀሰው ጥቂት ስለ ተሰጠው አይደለም፤ የተሰጠውን ስለ ቀበረው ነው። የገጠር ትምህርት ቤት መክሊት የሚቀበረው በማን ነው? እኛ ከዚያ የወጣነው ሳንመለስበት ስንቀር የቀበርነው እኛ ነን።

ስለዚህ የምንችለውን እናድርግ። በከፍተኛ ትምህርት ላይ ያለን ሐምሌና ነሐሴን ወደ ቤተሰባችን ስንወርድ እንግሊዝኛና ሒሳብ እናስጠና። የጨረስናቸውን መጻሕፍት በሣጥን ከማኖር ለትንንሾቹ እናስተላልፍ። በአንድ ወረዳ ያሉ ጎረቤት ትምህርት ቤቶች በጉድኝት ማዕከል ስለሚደራጁ ለአንዱ የሰጠነው መጽሐፍ ለሌሎቹም ሊደርስ ይችላል። ከመካከላችን መምህር የሚሆኑም የገጠር ምደባ ሲደርሳቸው ከመሸሽ በፊት የዋሸራንና የቤተልሔምን መምህራን ያስቡ።

ወንድማችን እኅቱን ለጊዜው አላመጣትም። ስምንተኛን እስክትጨርስ በዚያው እንድትቆይ ከእናቱ ጋር ተስማሙ። እርሱም በክረምት ወርዶ ባዶ የቀረውን ትምህርት ለእርሷና ለክፍል ጓደኞቿ ሊያስጠና ቃል ገብቷል። ይህ የመምህሩን ቦታ አይሞላም፤ ነገር ግን መክሊቱን ከመቅበር ይሻላል። ከእኛስ ማን አብሮት ይወርዳል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።