የማይደገም ሥራ በተማሪ እጅ

በሰው እጅ ከሚሠራው ሥራ ብዙው ቢበላሽ ተመልሶ ይታረማል። ግንብ ጠማማ ሆኖ ቢቆም ፈርሶ ይገነባል፤ ጸሐፊ ፊደል ቢስት ብራናውን ፍቆ እንደ ገና ይጽፋል፤ የቅኔ ተማሪም ቤት ቢሰብር መምህሩ ያርመዋል፤ በማግሥቱም የተሻለ ቅኔ ይዞ ይመጣል። ነገር ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ፥ ከተበላሸም ወዲያ የማይታረም ሥራ አለ። እንዲህ ያለውን ሥራ ገና በመማር ላይ ላለ ሰው መስጠት ይገባልን፥ ወይስ አይገባም? ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይኸው ነው።

ጥያቄው በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር በአሜሪካ አገር ከሚደረግ ሥራ ምሳሌ እንወስዳለን፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በሞንታና ግዛት ሄል ክሪክ በሚባለው የድንጋይ ንብርብር ውስጥ ዳይኖሰር የተባሉት የጥንት እንስሶች አጥንት ወደ ድንጋይ ተለውጦ ይገኛል። የምድርን ታሪክ የሚመረምሩ ሊቃውንት እነዚህ እንስሶች የጠፉበትን ዘመን ከዛሬ 66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው ይላሉ። ከእነርሱም ስሙ እጅግ የታወቀውን ቲራኖሶረስ ሬክስን ባርነም ብራውን በ1902 በዚሁ ስፍራ አገኘው፤ ሄንሪ ፌርፊልድ ኦስቦርንም በ1905 ስም አወጣለት። ዛሬም ልዩ ልዩ ኮሌጆች በሰኔና በነሐሴ መካከል ባለው የሙቀት ወራት፥ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ገና ያልፈጸሙ ተማሪዎችን ወደዚህ ዓይነቱ ምድረ በዳ ወስደው በገዛ እጃቸው ያስቈፍሯቸዋል። ከመካከላቸውም አጥንትን ከተራ ድንጋይ ለይቶ የማያውቅ አይጠፋም።

ሥራው እንዲህ ነው። ተማሪው በመጀመሪያ ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ በኰረብታው ግርጌ ይመላለሳል። ዝናብና ውርጭ ከላይ ያፈረሱትን የአጥንት ስብርባሪ ባገኘ ጊዜ ፍለጋውን ተከትሎ ሽቅብ ይወጣል፤ ስብርባሪው በሚያልቅበት ስፍራ አጥንቱ ተቀብሮ ሊገኝ ይችላልና። በላዩ ያለውን አፈር በዶማና በአካፋ ያነሣል፤ ወደ አጥንቱ በቀረበ ጊዜ ግን ዶማውን አኑሮ በወስፌ፥ በትንሽ ቢላዋና በብሩሽ መሥራት ይጀምራል። የሚሰነጠቀውን በቀጭን ሙጫ ያጠጣዋል። አጥንቱም ከመነሣቱ በፊት መሬቱ በገመድ በአራት ማዕዘን ይከፈላል፤ እያንዳንዱ አጥንት በየትኛው ማዕዘን፥ በምን ያህል ጥልቀት፥ ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደ ተኛ በካርታ ላይ ይነደፋል፤ ቍጥርም ይሰጠዋል። ከዚህ በኋላ ዙሪያው ተቈፍሮ እንደ እንጕዳይ በእግሩ ሲቆም፥ እርጥብ ስስ ወረቀት ይለብስና ጀሶ በተነከረ ጆንያ ይጠቀለላል፤ ጀሶውም ሲደርቅ ከሥሩ ተቈርጦ ይገለበጣል። በቤተ ሙከራ ጀሶውን ፈትቶ አጥንቱን ማጥራት ደግሞ ወራትን፥ አንዳንድ ጊዜም ዓመታትን ይፈጃል።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ ቈፋሪው መጽሐፉን የሚያነበው ገጹን እየቀደደ ነው። አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ አጥንቱን ወደ ነበረበት መልሶ እንደ ነበረ ማስተኛት አይቻልም። ከጐኑ ምን እንደ ነበረ፥ ጅረት አምጥቶ የጣለው ይሁን ወይም እንስሳው በሞተበት የቀረ ይሁን፥ ይህን ሁሉ የሚመሰክረው ስፍራው ነበረ፤ ስፍራው ግን በመቈፈሩ ጠፍቷል። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ቈፋሪው የጻፈው ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ያ የሃያ ዓመት ወጣት ለዚያ ስፍራ የመጨረሻው የዓይን ምስክር ነው።

ይህን የተመለከተ ሰው መቃወሙ አያስደንቅም። «ስሕተት የማያስከትል ነገር ሞልቶ ሳለ ተማሪው በዚያ ይማር፤ እንዲህ ያለው የማይተካ ነገር ግን ለሊቃውንት ብቻ ይሰጥ። ለአንድ ወጣት ትምህርት ተብሎ ገና ያልተወለዱት ሰዎች ሊያውቁት የሚገባው ነገር መጥፋት የለበትም» ሊል ይችላል። ነገሩ ከባድ ነው፤ በቀላሉም የሚመለስ አይደለም።

ሆኖም ተቃዋሚው ሁለት ነገር ዘንግቷል። ፊተኛው፥ አጥንቱን መተው አጥንቱን መጠበቅ አለመሆኑን ነው። ከአፈር ብቅ ያለውን አጥንት ዝናቡ ያጥበዋል፤ ውርጩ ይሰነጥቀዋል፤ ጥቂት ዓመታትም ሲያልፉ ዱቄት ሆኖ በጐርፍ ይወሰዳል። የሊቃውንቱ ቍጥር ጥቂት፥ ምድረ በዳው ግን ሰፊ ነው። ሁለተኛውም፥ ሊቅ ከተማሪነት በቀር ሌላ መግቢያ በር የሌለው መሆኑን ነው። ሐኪም የመጀመሪያውን ሰው በቢላዋ ሳይነካ ሐኪም አይሆንም፤ ዳኛም የመጀመሪያውን ፍርድ ሳይሰጥ ዳኛ አይባልም። በ1870 የየል ኮሌጅ መምህር ኦትንየል ቻርልስ ማርሽ አሥራ ሁለት ወጣቶችን ይዞ ወደ ምዕራብ አሜሪካ ዘምቶ ነበር። ከእነዚያ ወጣቶች አንዱ ጆርጅ በርድ ግሪኔል ነበረ፤ እርሱም በኋላ በሕይወት ያሉት አራዊትና አዕዋፍ እንዳይጠፉ ከተሟገቱት ሰዎች ዋነኛ ሆነ፤ በ1910 ግሌሸር የተባለው ብሔራዊ ፓርክ እንዲከለልም ብዙ ደከመ። በምድር ውስጥ ያለቀውን ዘር በእጁ የዳሰሰ ሰው፥ ገና ያላለቀውን ዘር ለመጠበቅ ተነሣ።

ነገር ግን ከዚህ ይልቅ የሚበልጥ ምላሽ አለ። የማይደገመውን ነገር የሚያጠፋው በእውነት ያልሠለጠነ እጅ ነውን? ከታሪክ እንጠይቅ። የማርሽ ተፎካካሪ የነበረው ኤድዋርድ ድሪንከር ኮፕ ተማሪ ሳይሆን ስሙ የገነነ ሊቅ ነበረ። ኤላስሞሶረስ የተባለውን፥ ዳይኖሰር ባይሆንም በዳይኖሰሮች ዘመን በባሕር ይኖር የነበረውን አንገተ ረዥም እንስሳ አጥንት ገጣጥሞ በ1869 ሥዕሉን ባሳተመ ጊዜ፥ ራሱን በጅራቱ ጫፍ ላይ አኖረው። በ1870 ጆሴፍ ሌይዲ ስሕተቱን ገለጠ። ኮፕም የታተመውን ጽሑፍ ከያዙት ሰዎች ዘንድ ቅጂዎቹን ሰብስቦ በታረመው ለመተካት ሞከረ። ራስንና ጅራትን ማዛወር የአእምሮ ስሕተት ነው፤ ይህ በሊቅም በተማሪም ላይ ይደርሳል። ቅጂዎቹን መሰብሰብ ግን የአእምሮ አይደለም፤ የክብር ፍቅር ያመጣው ነው።

አሁን ወደ ተማሪው እንመለስ። ወስፌው አዳልጦት አጥንቱን ጫረው እንበል። መምህሩ ወዲያ ማዶ ነው፤ ማንም አላየውም። ዝም ቢል ከብዙ ዓመት በኋላ ሌላ ተመራማሪ ያንን ጭረት የአውሬ ጥርስ ምልክት መስሎት፥ አንዱ እንስሳ ሌላውን በላው ብሎ ሊጽፍ ይችላል። በመዝገቡ ላይ «ይህ ጭረት የወስፌ ነው» ብሎ ቢጽፍ ግን ጉዳቱ ጉዳት ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ሐሰት አይሆንም። ስፍራውን ሳይነድፍ ያነሣው አጥንትም እንዲሁ ነው፤ «ስፍራው አልተነደፈም» ከተባለ ለሌላ ምርመራ ይጠቅማል፤ በግምት ስፍራ ቢሰጠው ግን ሌሎቹን እውነተኛ ምስክሮች ሁሉ ያሳስታል። የተሰበረ አጥንት የሚያጐድለው ራሱን ነው፤ የተሸሸገ ስብራት ግን ዕውቀቱን ሁሉ ይበክላል።

ስለዚህ የማይደገም ሥራ ለማን ይሰጥ ብለን ስንጠይቅ፥ መለኪያው የእጅ ሥልጠና ብቻ እንዳልሆነ እንረዳለን። እጅ በልምድ ይሠለጥናል፤ ስሕተቱን የሚናገር አንደበት ግን ከመጀመሪያው ቀን ዠምሮ ሊኖር ይገባል። ይህንንም የሚፈጥረው የተማሪው ጠባይ ብቻ ሳይሆን የመምህሩም ጠባይ ነው። ሰበርሁ ያለውን ተማሪ በጓደኞቹ ፊት የሚያዋርድ መምህር፥ በሁለተኛው ጊዜ መሸሸግን አስተማረ። ብልህ መምህር ግን ለጀማሪው መጀመሪያ የላዩን አፈር፥ ቀጥሎም ተበታትኖ የሚገኘውን የኤሊ ድንጋይ ልብስ ስብርባሪ ይሰጠዋል፤ የራስ ቅሉን ለኋላ ያቈይለታል፤ በሰበረም ጊዜ «በምን ሰበርኸው?» ብሎ ሳይቈጣ «ስብርባሪውን ሰብስበሃልን? ጽፈኸዋልን?» ብሎ ይጠይቀዋል።

ሌላም ነገር አለ። በ2009 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት፥ በፌዴራል መንግሥት መሬት ላይ የሚገኘው የእንደዚህ ያሉ እንስሶች ቅሪት ያለ ፈቃድ አይነሣም፤ ከተነሣም በኋላ የሕዝብ ሀብት ሆኖ በታወቀ ማኖሪያ ይቀመጣል። እንግዲህ በዚያ የሚቈፍረው ተማሪ በፀሐይ ደክሞ፥ በጕልበቱ ተንበርክኮ የሚያወጣው አጥንት የእርሱ አይሆንም፤ ስሙም በላዩ ላይጻፍ ይችላል፤ ጀሶው ሲፈታም እርሱ ትምህርቱን ፈጽሞ ሌላ አገር ሄዶ ይሆናል። የእርሱ የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የጻፈው ቃል እውነት መሆኑ ነው።

እኛም በየሥራችን እንዲህ ያለ የማይደገም ነገር በእጃችን አለ። ሽማግሌው ከመሞቱ በፊት የተናገረው ታሪክ፥ አንድ ቅጂ ብቻ የቀረው መጽሐፍ፥ የሕፃን ልጅ የመጀመሪያ ዓመታት፥ እነዚህ ሁሉ ሁለተኛ አይመጡም። እንዳይበላሹብን ብለን ከወጣቶች እጅ ብንከለክላቸው ከእኛ ጋር ይቀበራሉ፤ ያለ ጠባቂ ብንጥልላቸውም ይጠፋሉ። የሚሻለው ከአጠገባቸው ሆኖ መስጠት ነው፤ ሲሰጡም ከሁሉ አስቀድሞ «ብትሰብር ንገረኝ» የሚለውን ቃል አብሮ መስጠት ነው። ይህን ቃል ሰምቶ የፈጸመ ተማሪ፥ እጁ ገና ቢንቀጠቀጥም፥ የማይደገመውን ነገር ሊቀበል የተገባው ነው፤ ይህን ያልተማረ ግን ጠጕሩ ቢሸብትም ገና አልተገባውም።