ስለ ሰባተኛው ሯጭ

ለትምህርት ከኒሯቅ ወደ ሰቆጣ የወጣ አንድ ወጣት ባለፈው ዓመት ወደ እኔ መጣ። ሦስት ዓመት ሙሉ ወፍ ሳይንጫጫ እየተነሣ ሩጫ ሲለማመድ ኖሮ በውድድሩ ቀን አራተኛ ሆነ፤ የሚመረጡት ግን ሦስት ብቻ ነበሩ። «መምህር፥ ድካሜ ሁሉ ከንቱ ነበርን?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ቶሎ ብዬ ላጽናናው አልወደድሁም፤ ችኩል ማጽናናት ቁስልን ሳያጥቡ መሸፈን ነውና። አራተኛ መሆንና አንደኛ መሆን አንድ ነው ብለው ሐሰት በሆነ ነበር፤ ይህንም እርሱ ራሱ ያውቀዋል።

ስለዚህ የአንድ ሰው ታሪክ ነገርሁት። በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን 5 ቀን፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ በሮም ከተማ የኦሊምፒክ ማራቶን ተሮጠ። ውድድሩ ወደ ማታ ተጀምሮ በጨለማ ተፈጸመ፤ በጥንታዊው በአፒያ መንገድ ዳር የቆሙ ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ፥ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አንደኛ እንደ ወጣ የማያውቅ ማን ነው? ነገር ግን በዚያች ሌሊት ሌላም ኢትዮጵያዊ ሮጦ ነበር። የእርሱም ስም አበበ ነው፤ አበበ ዋቅጅራ። ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ሁለቱንም አሠልጥኖ ነበር። ይህ ሁለተኛው አበበ ያንኑ 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ፥ በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ9 ሴኮንድ ሰባተኛ ሆኖ ገባ።

ይህን ቍጥር ዝም ብለህ አትለፈው። ከዚያ 8 ዓመት አስቀድሞ በሄልሲንኪ ኤሚል ዛቶፔክ የተባለው የቼኮዝሎቫኪያ ሰው ማራቶኑን ያሸነፈው በ2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3 ሴኮንድ ነበር፤ እስከ ሮምም ድረስ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሆኖ ቆየ። እንግዲህ ሰባተኛው ሰው ከዚያ ባለ ወርቅ ይልቅ ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት በሚጎድለው ጊዜ ቀደመ። (እርግጥ ነው፥ አንዱ ጎዳና ከሌላው ጋራ ትክክል አይደለምና ሚዛኑ ፍጹም ነው አልልም።) ቢሆንም የዛቶፔክ ስም በዓለም ሁሉ ተጠራ፤ ዋቅጅራን ግን በገዛ አገሩ እንኳ የሚያስታውሱት ጥቂቶች ናቸው። ታዲያ ልዩነቱ በእግሩ ነበርን? ከፊቱ የነበሩት ስድስት ሰዎች በዚያ ቀን ባይመጡ ኖሮ፥ አንዲት እርምጃ ሳይጨምር ወርቁን በወሰደ ነበር። ሽልማቱ አብረውት በተሰለፉት ሰዎች ላይ የተንጠለጠለ ነበር፤ የሮጠው ሩጫ ግን ያው ነው።

በአሜሪካ አገርም ቤዝቦል በሚባለው የኳስ ጨዋታ እንዲህ ያለ ኑሮ አለ። ከታላቁ ሊግ በታች ደረጃ በደረጃ የተደራጁ ቡድኖች አሉ፤ በእነዚያም ውስጥ ኳስ የሚወረውሩ ወጣቶች ከከተማ ወደ ከተማ በአውቶቡስ እየተመላለሱ ዓመታትን ያሳልፋሉ፤ የሚበዙትም ወደ ላይ ሳይጠሩ ክንዳቸው ይደክማል። እንዲህ ያለውን ሰው ሞኝ ብዬ ልጠራው አይቻለኝም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ከላይ ያለው ባልንጀራው ክንዱን በታመመ ቀን ደስ ይለዋልን? የሌላውን ስፍራ የሚጠብቅ ሰው ሳያውቀው የሌላውን ውድቀት መጠበቅ ይጀምራል። እኔ የምፈራለት ይህን ነው፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ኑሯችንን በሩጫ ሲመስል ባልንጀራህን ጥለፈው አላለምና።

ወጣቱንም እንዲሁ ጠየቅሁት፤ «ከተመረጡት ከሦስቱ አንዱ እግሩ ቢሰበር ደስ ይልህ ነበርን?» አልሁት። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም አንገቱን ደፍቶ፥ «አንድ ሌሊት ተመኝቼ ነበር» አለኝ። ከዚህ በኋላ ስለ ሩጫው ሳይሆን ስለዚያች ሌሊት እስኪመሽ ድረስ ተነጋገርን። ሊሄድ ሲነሣም የሰባተኛውን ሰው ስም ደግሜ እንድነግረው ለመነኝ፤ ደብተሩንም አውጥቶ ጻፈው።