ቡድኑ የማን ነው?

አልጋዬ ሥር አንድ የማዳበሪያ ከረጢት አለ። ውስጡ 13 ሰማያዊ ማሊያዎች ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። በፊት 14 ነበሩ። የሰፈራችን የኳስ ቡድን ማሊያዎች ናቸው፤ ቡድኑ ግን ዛሬ የለም። ላሊበላ ውስጥ የምንጫወትበት ሜዳ እዚያው ነው፤ የአሸተን ተራራም እንደ ድሮው ከላይ ሆኖ ያየዋል። ተጫዋቾቹ ግን ገሚሱ አዲስ አበባ፣ ገሚሱ ባሕር ዳር፣ ሁለቱ ዓረብ አገር ናቸው፤ አንዱ ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ አልፏል።

ባለፈው ክረምት ሦስት ልጆች በሬን አንኳኩ። ትልቁ 15 ዓመት ቢሞላው ነው። “መምህር፣ ማሊያውን ይስጡን። ስሙንም እንውሰደውና ቡድኑን እኛ እንቀጥለው” አሉኝ።

እሺ ልላቸው አስቤ ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለ። “እስቲ ልጆቹን ላማክር” ብዬ ሸኘኋቸው። ማታ አዲስ አበባ ላለው ለቀድሞው በረኛችን ደወልኩ። “ስጣቸው እንጂ! አይጥ እስኪበላው ነው የምትጠብቀው?” አለኝ። ሌላው ጓደኛችን ግን ዝም ብሎ ቆየና፣ “ማሊያውን ስጣቸው፤ ስሙን ግን አትስጥ። ስሙ የሞተውም ልጅ ነው” አለኝ። ሁለቱም ትክክል መሰሉኝ። እንቅልፍ የነሣኝም ይኸው ነው።

እንግዲህ ውድ ወጣቶች፣ “ኳስ ነው፣ ምን ያስጨንቃል?” ሳትሉ ጥያቄውን አብራችሁኝ አስቡት። ሰዎቹ ሲሄዱ፣ ስሙ ሲለወጥ፣ ከተማው ሲቀየር፣ የሚቀረው ያው ቡድን ነው ወይስ ሌላ? ደግሞስ ቡድኑ የማን ነው?

ስሙ ነው እንበል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተመሠረተ። በደርግ ዘመን ግን ስሙ ቀርቶ በቢራ ፋብሪካ ስም እንዲጠራ ተደረገ። በዚያም ስም ተጫወተ፣ ዋንጫም አነሣ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የጥንት ስሙ ተመለሰለት። ዛሬ ደጋፊው ዋንጫ ሲቆጥር የቢራውን ዘመን አይዘልም፤ “ያ ሌላ ቡድን ነበር” የሚልም አልገጠመኝም። የሠራዊቱ መቻልም መከላከያ ተብሎ ብዙ ዘመን ኖሮ በቅርቡ ወደ ድሮ ስሙ ተመልሷል። ስም ቢነጠቅም ሰውየው ያው ሰው እንደሆነ እኛ ከዳንኤልና ከሦስቱ ጓደኞቹ ታሪክ እናውቃለን፤ ባቢሎን ለአራቱም አዲስ ስም አውጥታ ነበር። (የሚገርመኝ ግን ዳንኤልን በእናት አባቱ ስም፣ ሦስቱን ደግሞ ሲድራቅ፣ ሚሳቅ፣ አብደናጎ እያልን ባቢሎን ባወጣችላቸው ስም መጥራታችን ነው። አስባችሁት ታውቃላችሁ?)

ስሙ ካልሆነ ተጫዋቾቹ ይሆኑ? ይህም አያስኬድም። የላስታን የድንጋይ ቤት ታውቁታላችሁ፤ የሣር ክዳኑ ስንት ጊዜ ተቀይሯል! ሣሩ ስለተቀየረ ግን “የአያቴ ቤት አይደለም” የሚል የለም። ቡድንም ተጫዋቹን እንዲሁ ይቀይራል፤ አንዱ ያረጃል፣ ሌላው ይተካል። አስቸጋሪው ነገር የሚመጣው ግድግዳው ድንጋይ በድንጋይ ፈርሶ በመኪና ተጭኖ ወልድያ ላይ ቢተከል ነው። ያኔ የአያቴ ቤት የቱ ነው? ወልድያ ያለው ድንጋይ ወይስ ላሊበላ የቀረው ባዶ ቦታ? እኛ ከአለት የተፈለፈሉ፣ ማንም ሊያነሣቸው የማይችል ሕንፃዎች አጠገብ ስላደግን ይመስለኛል፣ ነገር ቦታውን ሲለቅ ቶሎ አይገባንም።

በአገራችን ግን ሆኗል። ደደቢት በ1989 ዓ.ም. ተመሥርቶ በ2005 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ሻምፒዮን የሆነ የአዲስ አበባ ክለብ ነበር። ጌታነህ ከበደ ጎል ሲያዘንብ የነበረበትን ያን ዓመት ታላላቆቻችሁ ያስታውሱታል። በ2011 ዓ.ም. ክለቡ ወደ መቀሌ ተዛወረ፤ በዚያው የውድድር ዘመን መጨረሻም ከሊጉ ወረደ። ስሙ ያው፣ ፈቃዱ ያው ነበር። አዲስ አበባ ስታዲየም ሲደግፈው የነበረ ልጅ ግን በሚቀጥለው እሑድ ወዴት ይሂድ?

በሰሜን አሜሪካ፣ በበረዶ ላይ በሚጫወቱት ሆኪ፣ ይህ የተለመደ ነው። ቡድን የባለሀብት ንብረት ስለሆነ፣ በተለይ በታችኛዎቹ ሊጎች፣ ገቢው ሲቀንስ ዕቃውን ጭኖ ሌላ ከተማ ይገባል፤ ወይም ይዘጋል። በላይኛውም ሊግ ኖርዲክስ የተባለው የኩቤክ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1995 ወደ ኮሎራዶ ሄደ፤ ስሙን ቀየረ፤ በገባበት በመጀመሪያው ዓመት ትልቁን ዋንጫ በላ። ለዓመታት በብርድ ቆሞ ሲደግፍ የኖረው የኩቤክ ሰው፣ የራሱ ልጆች ለሌላ ሰው ዋንጫ ሲያነሡ በቴሌቪዥን አየ። ሕጉ በባለቤቱ በኩል ነው። እኔ ግን ሕጋዊ የሆነው ሁሉ ትክክል ነው ብዬ አላስተምርም።

የእንግሊዙን የዊምብልደንን ታሪክ ደግሞ ስሙ። እ.ኤ.አ. በ1988 ሊቨርፑልን 1 ለ 0 አሸንፎ የኤፍ ኤ ካፕን የበላ የለንደን ክለብ ነው። በ2002 ባለቤቶቹ ሚልተን ኪንስ ወደምትባል ከተማ እንዲወስዱት ተፈቀደላቸው። ደጋፊዎቹ ያኔውኑ የራሳቸውን ቡድን አቋቋሙ። ተጫዋች፣ ሜዳ፣ የሊግ ፈቃድ ምንም አልነበራቸውም፤ ከታች ጀምረው በ2011 ወደ እንግሊዝ ሊግ ወጡ። በ2007 ደግሞ የተዛወረው ክለብ የድሮዎቹን ዋንጫዎች ለቀድሞው ሰፈር መለሰ፤ ታሪኩ የእኔ አይደለም ማለቱ ነው። ቡድኑን መውሰድ ቻሉ፤ ዋንጫውን ግን መልሰው ሰጡ። ለምን? ወረቀት ያልያዘው ነገር ስላለ ይመስለኛል።

ያ ነገር በእኛ ቋንቋ ስም አለው፤ አደራ እንለዋለን። አደራ ንብረት አይደለም። በእጅህ ነው፤ ግን ያንተ አይደለም። ልትሸጠው አትችልም፤ ልትጥለውም አትችልም፤ ሰጪው ባያይህም እንኳ “አደራ በላ” መባል ያስፈራሃል። ቡድን ከፊት የነበሩት ከኋላ ለሚመጡት የሚያስተላልፉት አደራ ከሆነ፣ ስም ቢለወጥ፣ ተጫዋች ቢቀየር አይጠፋም። የሚጠፋው ተቀባይ ሲያጣ ነው። በ1950ዎቹ ደጋግሞ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የነበረውን የድሬዳዋውን ጥጥ ማኅበር ከእናንተ ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ? በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካ ዋንጫን ስናነሣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎና ወንድሙ ኢታሎ የዚያ ቡድን ልጆች ነበሩ፤ ሁለቱም በፍጻሜው ጎል አግብተዋል። ዛሬ ጥጥ ማኅበር የሚባል ቡድን በፕሪሚየር ሊጉ የለም። የአስመራዎቹ ሐማሴን፣ ቴሌና እምባሶይራም የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነው ያውቃሉ፤ እነሱ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ ድንበሩ መጥቶ ለያቸው።

እዚህ ላይ አንድ የሚከብደኝን ነገር ልንገራችሁ። የእኛ የሰሜን ወሎ ሰዎች ፍቅር ወልድያ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ከ25,000 በላይ ሰው የሚይዘው ስታዲየም ሲመረቅ ፕሪሚየር ሊግ ደጃችን መጣ ብለን ነበር። በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ወር ከመቀሌ ከተማ ጋር ሊደረግ የነበረው ጨዋታ በግጭት ምክንያት ሳይካሄድ ቀረ፤ በዓመቱ መጨረሻም ቡድኑ ወረደ። ስታዲየሙ ቆሞ ቀረ። ቀጥሎ የመጣውን ታውቃላችሁ፤ ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላሊበላ ደረሰ። በዚያው ዓመት መቀሌ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ ከሊጉ ውጭ ሆነው ነበር። በ2017 ዓ.ም. መመለሳቸውን ስሰማ ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? መጀመሪያ ያ የሞተው ልጅ ትዝ አለኝና ሬዲዮኑን ዘጋሁት። ቆይቼ ደግሞ አሰብኩ፤ ዓዲግራት ውስጥም አልጋው ሥር የማሊያ ከረጢት ያስቀመጠ አንድ መምህር አይጠፋም። የእሱም ማሊያ ሳይጎድል አይቀርም። ሬዲዮኑን መልሼ ከፈትኩት። ቡድንህን መውደድ የሌላውን አደራ እንዳታይ ካደረገህ ፍቅሩ በሽታ ይዞታል።

አሁን ወደ 14ኛው ማሊያ ልመለስ። ቱሪስት ጠፍቶ፣ ሆቴሎች ተዘግተው፣ አስጎብኚ የነበረው ሁሉ ሥራ ሲፈታ፣ የቡድናችን 7 ቁጥር አንድ ሌሊት ለማንም ሳይናገር ከከተማ ወጣ። ማሊያውንም ይዞ ሄደ። በወጣቶች ኅብረት ፊት ቆሜ፣ “ቡድኑን ከዳ፤ የጋራ ንብረትም ሰረቀ” አልኩ። እናቱ ይህን ሰምታለች። ከሁለት ዓመት በኋላ ሪያድ ከሕንፃ ሥራ ላይ ሆኖ ፎቶ ላከልኝ፤ ሲሚንቶ የነካውን ያን ሰማያዊ ማሊያ ለብሷል። ለእናቱ በየወሩ ገንዘብ ይልክላት እንደነበር ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩት። ቤቷ ሄጄ እናቱንም ጠየቅሁ፤ እሷ ቡና አፈላችልኝ እንጂ ስለ ነገሩ አንድም ቃል አልተናገረችም።

ደደቢትን ያዛወሩ ሰዎችና ይህ ልጅ አንድ አይደሉም። እነሱ የያዙት የብዙ ሰው ነገር ነው፤ ለብዙ ሰው መልስ መስጠት አለባቸው። እሱ የያዘው የራሱን ጉልበትና አንድ ማሊያ ነው። ለእንጀራ የሄደ ሰው ከዳተኛ አይደለም። ታዲያ አደራውን የከዳው ማን ነበር? ጌታው የሰጠውን መክሊት አፈር ቆፍሮ የቀበረውን ባሪያ ብዙ ጊዜ አስተምሬበታለሁ፤ ከረጢቱን ከአልጋዬ ሥር እየጎተትኩ ሳወጣ ግን ሳቄ መጣ።

ስለ ስሙ ሪያድ ያለውን ልጅ ጠየቅኩት። “ይውሰዱት፤ ግን ማን ማን እንደነበርን ንገራቸው፤ ከሟቹ ጀምር” አለኝ። አይሰጥ ያለውም ጓደኛችን ይህን ሲሰማ፣ “እንደሱ ከሆነ ይሁን” አለ።

ቅዳሜ ከገበያ በኋላ ሦስቱ ልጆች መጡ፤ ሌሎች አምስት አስከትለዋል። ስለ ሞተው ልጅ ነገርኳቸው፤ በግራ እግሩ እንዴት ይመታ እንደነበር፣ ሲሸነፍ እንዴት ያለቅስ እንደነበር። አንዳንዶቹ ጎረቤቱ ሆነው እንኳ ኳስ ይጫወት እንደነበር አያውቁም ነበር። ከዚያ ማሊያዎቹን አንድ በአንድ አውጥተው ቆጠሩ።

“መምህር፣ 7 ቁጥር ጎድሏል” አለኝ ትንሹ።

“አልጎደለም” አልኩት። “ሪያድ ነው ያለው።”