ጨርቁን ሳታጥቢው አሳዪው

ልጄ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶች። በሕፃንሽ ጨርቅ ላይ ደም ካየሽ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንሽ ጨርቁን ሮጠሽ እንዳታጥቢው ነው። ሰው ሳያየው ወደ ውሃ መሮጥ የኖረ ልማዳችን ነው። ዓይን ወጋው እንዳይባል፣ እመጫቷ አላወቀችበትም እንዳይባል እንፈራለን። ሐኪም ግን ብዙውን ነገር የሚረዳው ከዚያ ጨርቅ ነው። ደሙ በደረቅ ካካ ላይ እንደ ቀጭን መስመር ነው ያለው? ወይስ ከንፍጥ ጋር ተለውሷል? ወይስ ጠቁሮ ይጣበቃል? ጨርቁ ከታጠበ በኋላ ብትጠየቂ «ደም ነበረው» ከማለት ሌላ የምትይው የለሽም። በፌስታል ጠቅልለሽ ያዢው፤ ስልክ ካለሽም በቀን ብርሃን ፎቶ አንሺው።

ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ። ደሴ አጠገብ ያለው የእኛ የቦሩ ሜዳ ሰው የመደበቅን ዕዳ ያውቀዋል። ዛሬ ሁሉም የሚታከምበት ሆስፒታላችን ሲጀመር የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ነበር። ስንቱ ሰው ምልክቱን በጋቢ ሸፍኖ ኖሮ፣ ጣቱ ከተቆራመደ በኋላ ነው ደጃፉን የረገጠው። በልጅ ደግሞ ዓመት አይጠበቅም፤ በሰዓታት የሚበላሽ ነገር አለ።

አብሽሪ ግን፤ ደም ሁሉ አንድ አይደለም። አራሱ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያወጣው ጥቁር አረንጓዴ ካካ ደም አይደለም፤ በማሕፀን ሳለ በአንጀቱ የተጠራቀመ ነው። ሴት ልጅ ከሆነች፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከብልቷ ጥቂት ደም ሊታይ ይችላል። ከእናቷ የወረሰችው ሆርሞን ሲቀንስ የሚመጣ ነውና በራሱ ያልፋል። የጡትሽ ጫፍ ተሰንጥቆ ከሆነም ሕፃኑ የዋጠው ያንቺን ደም ሊሆን ይችላል። ጫፉን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ያለውን ጥቁሩን ክፍል ጭምር ይጉረሰው፤ ከጠባ በኋላ የራስሽን ወተት ቀቢውና ይድረቅ።

በአራስ ልጅ እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ደም የሚያረጋው ቫይታሚን ኬ ከእናቱ ወደ ሕፃኑ በቂ አይሻገርም፤ በጡት ወተትም ጥቂት ነው ያለው። ለዚህ ነው ጤና ጣቢያ የተወለደ ልጅ ጭኑ ላይ 1 ሚሊግራም የሚወጋው። ቤት ተወልዶ መርፌው ያለፈው ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት፣ አንዳንዴም እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ፣ ከእትብቱና ከአንጀቱ፣ ሲከፋም ጭንቅላቱ ውስጥ ሊደማ ይችላል። እንግዲያው ሦስት ወር ያልሞላው ልጅ ካካው ላይ ደም ከታየ፣ ምክንያቱን እቤት ቁጭ ብለሽ አትፈልጊ። በዚያው ቀን ሆስፒታል ይታይ።

ምግብ የጀመረ ልጅ አተኩሶት፣ ቶሎ ቶሎ እያማጠ ንፍጥና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካስቀመጠው፣ አገሩ ሁሉ «አሜባ ነው» ብሎ ፍላጂል ይገዛል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። በሕፃናት ላይ አሜባ እምብዛም ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ሺጌላ ነው። ይህን ጀርም በ1897 እ.ኤ.አ. ያገኘው ሺጋ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም ነበር፤ ስሙም የመጣው ከእሱ ነው። ሰውን ለማሳመም ከመቶ ያነሰ ጀርም ይበቃዋል፤ በጥፍር ሥር ተደብቆ፣ በጡጦ አፍ ላይ ተቀምጦ ይመጣል። «የሕፃን ካካ ምን ቆሻሻ አለው» የሚሉትን አትስሚ፤ ከትልቅ ሰው ያላነሰ በሽታ ያጋባል። ካካው ሽንት ቤት ይግባ፤ ጨርቁም ካሳየሽ በኋላ ከምንጩ ርቆ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ቦርከና ደሴንና ኮምቦልቻን አቋርጦ የከተማውን ጉድፍ ሁሉ ተሸክሞ እንደሚወርድ እያየን፣ ሳይፈላ ለልጅ የሚሰጥ ውሃ የለም። ጡጦውን ጣይው፤ ሲኒና ማንኪያ ለማጠብም ይቀላል።

ጤና ጣቢያ ስትደርሺ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት በልጁ ኪሎ የተመጠነ ሲፕሮፍሎክሳሲን ለ3 ቀን፣ ዚንክ ደግሞ ለ10 ቀን ነው። ዚንኩ ከስድስት ወር በታች ላለ ግማሽ ፍሬ፣ ከዚያ በላይ ላለ አንድ ፍሬ ሲሆን በጡትሽ ወተት አሟምተሽ ትሰጪዋለሽ። በሁለተኛው ቀን ደሙ ጠፋ ብለሽ መድኃኒቱን እንዳታቋርጪ፤ አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ። ሁለት ቀን ወስዶ ካልተሻለውም ተመልሰሽ ሂጂ። አብረው የሚሰጡሽን የጠፋውን ውሃ የሚተካ ዱቄት፣ ኦአርኤሱን፣ አንዱን ፓኬት ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ በጥብጪ፤ ልኬቱን በባለ አንድ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ያዢው እንጂ በግምት አይሁን። ባስቀመጠው ቁጥር አንድ የቡና ሲኒ ያህል በማንኪያ እያደረግሽ ስጪው። ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ያህል ታገሺና ቀስ እያልሽ ቀጥዪ። የተረፈው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ። ተቅማጥ የሚያቆም ኪኒን ለሕፃን አይሰጥም፤ ፌጦም እንዲሁ። ጡት ግን አይቋረጥ፤ «ጡቱ ነው ያስቀመጠው» የሚለው ወሬ ስንቱን ልጅ አደረቀብን!

አሁን ቆም ብለሽ ስሚኝ። ደህና የነበረ፣ ይልቁንም ከአምስት እስከ አሥር ወር ያለ ልጅ፣ ድንገት ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ይጮሃል፤ ዝም ይላል፤ ደግሞ ይጮሃል። እየቆየ ያስመልሳል፣ ፊቱ ይገረጣል፣ በመጨረሻ ቀይ ንፍጥ ይወጣዋል። ይህ የኮት እጅጌ ወደ ራሱ ውስጥ እንደሚገባ አንጀት በአንጀት ውስጥ ሲገባ ነው። ደሙ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ለዚህ ኪኒንም ጠበልም ጊዜ የላቸውም፤ ቀዶ ሕክምና ያለበት ሆስፒታል ነው የሚፈለገው፤ ከእኛ ሰፈር ከሆነ ደሴ ውረዱ። ሌሊት ቢሆንም ሌሊቱን።

ደረቅ ካካ ላይ ቀይ መስመር ብቻ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ መቀመጫው ተሰንጥቆ ነው። የዱቄት ወተት ሲወፍር፣ የላም ወተት ሲበዛ ይደርቅበታል። ለብ ባለ ውሃ እጠቢው፣ ቫዝሊን ቀቢው፤ ሳሙና ወይም ጣት አታስገቢበት። ሌላም አለ፤ ልጁ እየወፈረ፣ እየሳቀ፣ ካካው ላይ ንፍጥና የደም ክር ይታያል። አንዳንድ ሕፃን በእናቱ በኩል የሚያልፈው የላም ወተት አይስማማውም። ሐኪም ካዘዘሽ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ወተት፣ አይብና ቅቤ ተዪና እዪው። ሁዳዴን 55 ቀን የሚጾም ቤት ያለ ወተት መብላት አይቸግረውም፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ይበርክትልሽ እንጂ አትራቢ።

እትዬ፣ አማቷ፣ ይህ ለእርስዎ ነው። ተቅማጥ በያዘው ቁጥር «ጥርሱ ነው፣ እንጥሉ ነው» ብለን ስንት ሕፃን አስቆረጥን። ቁስሉ ይደማል፣ ያመረቅዛል፤ የቆረጠው ምላጭም ከማን ደም እንደመጣ አይታወቅም። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። እርግብግቢቱ ሲጎደጉድም ቅቤ አይሞላውም፤ ውሃ አልቆበት ነው። ወዳጃውም ይደረግ፣ ጠበሉም ይረጭ፣ ማንም አይከለክልም። ስድስት ወር ያልሞላው ልጅ ግን ጠበሉን አይጠጣ።

አንተም አባቱ፣ «እስኪ ነገ እንየው» አትበል። መጥባት ካቃተው፣ የዋጠውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከፈዘዘ ወይም ካንቀጠቀጠው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ቆዳው ቆንጥጠው ሲለቁት ቶሎ ካልተመለሰ፣ ደሙ ከበዛ ወይም ከጠቆረ፣ ባጃጅ ጥራ፤ ከጠፋ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጠይቅ። መዋጥ ከቻለ መንገድ ላይ ጡትና ኦአርኤስ አይለየው። የክትባት ካርዱን ያዝ፤ የተሰጠው መድኃኒት ካለ ከነብልቃጡ። አንቺ ደግሞ ልጄ፣ መቼ እንደጀመረው፣ ስንቴ እንዳስቀመጠው፣ ምን እንደበላ ይጠይቁሻል። ለመጨረሻ ጊዜ የሸናው መቼ እንደሆነ ግን ሳይጠይቁሽ አስቀድመሽ ተናገሪ።